ሕግ ካዘዘማ ማን ይከለክለኛል?

በ1997ቱ ምርጫ፣ ግንቦት 7 እሑድ ነበር። ቢቸና አጠገብ ገጠር የምትኖረው አክስቴ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰልፍ ያዘች፤ ካርዷን በመቀነቷ ቋጥራ። ሰልፉ አይንቀሳቀስም። 6 ሰዓት ገደማ ልጇ መጣና «እማዬ፣ አባባ ምሳ ይላል» አላት። ሄደች። ምሳ አቀረበች፣ ቡና አፈላች፣ ውኃ ቀዳች። ስትመለስ ቦታዋ ተይዟል፤ ከጭራው ጀመረች። ባሏ በጠዋቱ መርጦ ጠላ ቤት ገብቷል።

ይህን ያስታወሰኝ ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ ቡና ስንጠጣ የተነሣ ክርክር ነው። አንዱ ጓደኛችን «መምረጥ ግዴታ ይሁን፤ ያኔ ሴቱም ወንዱም እኩል ይወጣል» አለ። (አሁን ባለንበት ሁኔታ ስለ ምርጫ ማውራት ቅንጦት ይመስል ይሆናል። ቢሆንም ቡናው ገና ሁለተኛው ነበር።)

ጓደኛችን ዝም ብሎ አላወራም። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1924 መምረጥን በሕግ ግዴታ አደረገች። ከዚያ በፊት በነበረው ምርጫ 60 በመቶ እንኳ አልወጣም ነበር፤ በ1925 ከ91 በመቶ በላይ ወጣ። ዛሬም ያለ በቂ ምክንያት የቀረ 20 ዶላር ይቀጣል። ሁሉም ከወጣ ደግሞ የወንድና የሴት ልዩነት መግቢያ ያጣል።

ኢኳዶር ሌላ ነገር አደረገች። እ.ኤ.አ. በ1929 ለሴቶች የመምረጥ መብት ሰጠች፤ ግዴታው ግን የወንዶች ብቻ ነበር። ሴቷ እስከ 1967 ድረስ «ከፈለግሽ» ተባለች። «ከፈለግሽ ሂጂ» ያለ ባል ማታ ምን እንደሚል የጎጃም ሴት ታውቀዋለች።

እኛ በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሴቷንም መራጭ አድርገናል። ስዊዘርላንድ በአገር አቀፍ ምርጫ ይህን ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ ለአንዴም ቢሆን ቀድመናል። የአሁኑ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 38 መምረጥን መብት ይለዋል እንጂ ግዴታ አይለውም።

እኔ ግዴታ ሲባል ደስ አይለኝም። በእኛ ገጠር ቃሉ የሚታወቀው ከመዋጮ ጋር ነው። አንድ ሹም ደጅ ቆሞ «ካርድ አወጣችሁ?» ሲል ጥያቄ አይመስልም። ቅጣቱስ ከማን ኪስ ይወጣል? ሴቷ የእንቁላል ብሯን ልታወጣ ነው?

አክስቴን ስጠይቃት ግን ሳቀችብኝ። «ልጄ፣ ሕግ ካዘዘማ ማን ይከለክለኛል?» አለችኝ።

ይህን አላሰብኩትም ነበር። «ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» እየተባለ ባደገ ቤት «መብቴ ነው» ማለት ጠብ ያስነሣል። «ታዝዤ ነው» ማለት ግን መውጫ ነው።

የጣሊያን ሕገ መንግሥት መምረጥን የዜግነት ግዴታ ይለዋል፤ የቀረን ግን የሚቀጣ ሕግ ዛሬ የላቸውም። ለእኛ የሚስማማው እሱ ይመስለኛል። ቃሉ ይጻፍላት፣ ቅጣቱ ይቅርላት። እውነተኛው ግዴታ በምርጫ ጣቢያው ላይ ይጫን፦ የሴቶች ሰልፍ ለብቻ ይሁን፣ ጣቢያው ከመንደር አይራቅ፣ ለምሳ የሄደች ሴት ቦታዋ ይጠበቅላት። ይቺ የመጨረሻዋ ቀላል ትመስላለች፤ አክስቴ ግን ግማሽ ቀን ከፍላባታለች።

የዚያን ቀን ሲመሽ መርጣ ገባች። ባሏ «ያልኩሽን አደረግሽ?» አላት።

«አዎ» አለችው፣ እሳቱን እያራገበች።

ለእኔ ስትነግረኝ ግን አፏን በነጠላዋ ሸፍና ነው።