«ለጥንዶች የተዘጋጀ» አሉን!

ፕራግ ሁለት ሌሊት ብቻ፣ እኔና ባሌ፣ ስልክ የለ ሥራ የለ ብለን ነበር። «ለጥንዶች የተዘጋጀ» ለሚለው የሆቴል ክፍል ጭማሪ ከፍለናል። በሩን ስንከፍት ሁለት ነጠላ አልጋ ተጠጋግቶ አንድ አንሶላ ተወጥሮበታል። ሌሊት ጠጋ ባልኩ ቁጥር አልጋዎቹ ቀስ እያሉ ይለያያሉ፤ መሀላችን ገደል! የጥንዶቹ ነገር ለካ ላዩ ላይ የተበተነው ጽጌረዳ ኖሯል። ያውም የጨርቅ።

«ከአደባባዩ ሁለት እርምጃ» የተባለውም ጉድ ነው። አሮጌው ከተማ ውስጥ መንገዱ ጥርብ ድንጋይ ስለሆነ የሻንጣዬ አንድ ጎማ እዚያው ቀረ።

የቻርልስ ድልድይ ፎቶው ላይ ጭጋግና ሁለት ፍቅረኞች ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1357 ሥራው የተጀመረ፣ 516 ሜትር፣ ግራና ቀኙን 30 ሐውልት የቆመበት፣ ውበቱን አልክድም። ግን እኩለ ቀን ላይ ሰው በሰው ነው! አንዴማ የባሌን ክንድ ያዝኩ ብዬ የማላውቀው ሰውዬ ክንድ ላይ ተንጠልጥያለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1410 የተሠራውን፣ በየሰዓቱ ምስሎች የሚንቀሳቀሱበትን የአደባባይ ሰዓት ለማየት ደግሞ ግማሽ ሰዓት ቆመን ጠበቅን። አጽሙ ደወል ጎተተ፣ ሐዋርያቱ በመስኮት አለፉ፣ ዶሮው ጮኸ፣ አለቀ። እሱንም ያየሁት ፊቴ የቆመው ረጅም ሰው ስልክ ላይ ነው።

«ንጋት ላይ ብትወጡ ባዶ ነበር እኮ» ይሉኛል አሁን። ንጋት ላይማ ገደሉን በትራስ እየደለደልኩ ነበር!