ቤቱማ ሞልቷል፣ መብራቱ ነው የማይበራው

ማታ ከሥራ ስመለስ ታክሲ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀምጬ መብራት መቁጠር ለምዶብኛል። ከመገናኛ በሲኤምሲ እስከ አያት ያለውን መንገድ የምትመላለሱበት ታውቁታላችሁ። ግራ ቀኙ አዲስ ሕንፃ ነው። ከዚያ ሁሉ መስኮት መብራት የሚታየው አራት አምስቱ ላይ ነው። ሌላው ድቅድቅ ጨለማ። እኔ ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ ቤት ፍለጋ ላይ ነኝ።

አከራያችን ልጃቸው ሊያገባ ስለሆነ ልቀቁልኝ አሉን። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ሁለት ዓመት በሰላም ኖረናል። ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። ባለቤቴ ሰባት ወሯ ነው። እናቴም ጉልበቷን እያመማት ከእኛ ጋር ናት። ደረጃው ሁለቱንም ገደላቸው። ስለዚህ «እንደምንም ሊፍት ያለው አዲስ አፓርታማ እንይ» ተባባልን።

የመጀመሪያው ሰሚት ነበር። ደላላው ስልክ ላይ 30 ሺህ ብር ነው ያለኝ። የማሳያ 300 ብር ተቀበለና በሩ ላይ ስንደርስ 65 ሺህ ሆነ፣ የስድስት ወር ቅድሚያ ጭምር። የእኔና የባለቤቴ ደሞዝ ተደምሮ 41 ሺህ ነው። ይህን ስነግረው «ታዲያ ለምን ታደክመኛለህ?» ብሎ ተቆጣኝ።

ሁለተኛው ጎሮ፣ 35 ሺህ። ደስ ብሎን ሄድን። ሊፍቱ ተገጥሟል ግን አይሠራም። ቆጣሪ አልገባም። ውሃ በቦቴ ነው የሚመጣው። መታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክ የለውም። «ፊኒሺንጉን እናንተ ጨርሱት» አሉን። ከኪራዩ ይታሰብልን ስንል እምቢ አሉ። ብራችንን ሰው ቤት ላይ ቀብረን ነገ ውጡ ብንባልስ?

ሦስተኛው ላይ ሴትዮዋ የባለቤቴን ሆድ ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። «ቤቱ አዲስ ነው የኔ ልጅ፣ ሕፃን ግድግዳ ያበላሻል» አሏት። ባለቤቴ እዚያ ምንም አላለችም። ታክሲ ውስጥ አለቀሰች። እስካሁን ከውስጤ አልወጣም።

ሕግ አለ። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም ይላል። ውል ከሁለት ዓመት አያንስም፣ በጽሑፍ ሆኖ ይመዝገብ ይላል። ይህን ለአንዱ ደላላ ሳነሳበት «እንግዲያው አዋጁ ውስጥ ኑር» አለኝ። ሌላው ደግሞ ውሉ ላይ 15 ሺህ እንጻፍና ቀሪውን በእጅ ትሰጣለህ አለኝ። ነገ ብንጣላ በየትኛው ወረቀት ልከራከር?

ቤት የሠራ ሰው ወጪ እንዳለበት አውቃለሁ። ሊፍቱም ሴራሚኩም ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ዋጋው የት እንደደረሰ ሁላችንም አይተናል። ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሱ ተከራዮችም እንደኛው ቤት ይፈልጋሉ። ይገባኛል። የማይገባኝ ዝም ብሎ የተቆለፈው ቤት ነው። ደላሎቹ ራሳቸው ነግረውኛል፤ ብዙው ብር እንዳይረክስ ተብሎ የተገዛ ቤት ነው። ባለቤቱ ውጭ አገር ነው። በ35 ሺህ ለእንደኛ ዓይነቱ ከሚያከራይ፣ ለበዓል ከውጭ ለሚመጣ ሰው በቀን ሒሳብ ማከራየትን ይመርጣል። እስከዚያ ክፍሉ አቧራ ይጠጣል። እናቴ ግን ከጤና ጣቢያ ስትመለስ በየፎቁ ደረጃው ላይ ቁጭ እያለች ነው የምትወጣው።

አንድ ወር ቀርቶናል። በአያት፣ በሰሚት ወይም በጎሮ አካባቢ ሁለት መኝታ፣ ሊፍቱ የሚሠራ ወይም ምድር ቤት የሆነ፣ እስከ 22 ሺህ ብር ያለ ደላላ የሚያከራይ የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። አራት ሰው ነን፤ አራተኛው በቅርቡ ይወለዳል። ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው።