መጎረሻው ምን ይሁን?

ስኳር ያለበት ሰው ዳቦና እንጀራ ቢተው በምን ይጉረስ የሚለው ክርክር የተነሳው አራት ኪሎ፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ነው፤ ምሳ አልቆ እራት ያልደረሰበት፣ ሰው ሁሉ የሚቀማምሰው ነገር የሚፈልግበት ሰዓት። አንድ ጡረታ የወጡ አባት ያለ ስኳር ማኪያቶ ይዘዋል። አጠገባቸው የተቀመጠው የሒሳብ ሠራተኛ ቡናማ ዳቦ በእንቁላል ይበላል። ሦስተኛዋ ለመሥሪያ ቤቶች ምሳ የምታቀርብ የምግብ ባለሙያ ናት።

«ጋሼ፣ ይቅመሱ እንጂ፤ ይሄ እኮ ጥቁር ዳቦ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ሁሉ የሚበላው ነው» አለ ወጣቱ።

«ቀለሙን ተወው» አለች ባለሙያዋ። «ከነገለባው የተፈጨ ስንዴ እንኳ ከ100 ግራሙ 72 ግራም ያህሉ ካርቦሃይድሬት ነው፤ ከዚያ ውስጥ ወደ ስኳር የማይለወጠው ፋይበር 11 ግራም ገደማ ቢሆን ነው፤ ሌላው ሰውነት ውስጥ ስኳር ይሆናል። ፉርኖ ዱቄት ላይ ፉርሽካ ጣል ተደርጎበት የጠቆረ ዳቦም አለ፤ የእሱማ ፋይበር ከዚያም ያንሳል።»

«እንግዲያው እንጀራ ይሁና! ቀይ ጤፍ፣ ያውም የቦካ።»

«እርሾው የሚበላው ከስታርቹ ጥቂቱን ነው። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት 73 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው፤ ፋይበሩ 8። ጤፍ ጥሩ እህል ነው፣ አላጣጥለውም። ካርቦሃይድሬት ቀንስ ለተባለ ሰው ግን ቀዩም ነጩም ያው ነው።»

አባትየው ስኒያቸውን አስቀመጡ። «እኔስ ቆጮ እህል ስላልሆነ ይሻላል ብዬ ነበር።»

«ቆጮ ከእንሰት የሚገኝ ስታርች ነው ጋሼ። ክትፎው፣ አይቡና ጎመኑ ይቅረብልዎት፤ ቆጮውን ይመልሱት።»

ወጣቱ ይህን ጊዜ ጠንከር ያለውን ነገር አመጣ። ዳቦ ከተተወ ተተወ፣ ምትክ ፍለጋው ለምን አስፈለገ? ሰው ወጡን በሹካ ይብላና ይረፈው፤ ምትክ የሚፈልግ ሰው ሐሳቡ ከዳቦው ስላልወጣ ውሎ አድሮ ወደዚያው ይመለሳል ባይ ነው። ባለሙያዋ አልተቀበለችውም። እኛ ቤት እንጀራ ምግብ ብቻ አይደለም፤ ሳህንም ማንኪያም እሱ ነው፤ እጅ የሚጠቀልልበት ነገር ካጣ ጥብሱ ቢሞላም ማዕዱ ጎዶሎ ነው አለች። ስለዚህ መፈለግ ያለበት ዳቦ የሚመስል ነገር ሳይሆን መጎረሻ ነው።

አሠራሩንም ነገረቻቸው። ሁለት እንቁላል፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ በስሱ ታምሶ የደቀቀ ተልባ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ውሃና ቆንጠር ያለ ጨው ይመታል። ከዚያ 5 ደቂቃ ይቀመጣል። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ ተልባው ውሃውን ጠጥቶ ካልተሳሰረ ውሃው ለብቻው ይንጣለልና ሲነሳ ይበጣጠሳል። ዘይት የነካው የማይዝ መጥበሻ ላይ ስስ አድርጎ ማፍሰስ፣ በዝግታ እሳት፣ ክዳን ገጥሞ 2 ደቂቃ ያህል። መገልበጥ አያስፈልግም፤ በእንፋሎቱ ከላይ ይበስላል። እሳቱ ከበዛ እንቁላሉ ይደርቅና ሲጠቀለል ይሰነጠቃል። ከዚህ ልክ ሁለት ስስ ቂጣ ይወጣል።

«ረቡዕና ዓርብስ? ሁዳዴስ?» አሉ አባትየው። «እንቁላሉ ሊቀር ነው።»

«ለጾም አንድ ብርጭቆ የተፈጨ ተልባ በሁለት ሦስተኛ ብርጭቆ የፈላ ውሃ። ለብ ያለ አይሆንም፤ የፈላ ካልሆነ ሊጡ አይያያዝም፣ ሲዳመጥ ጠርዙ ይፈረካከሳል። ጨው ጣል አድርገው ያማስሉት፣ በረድ ሲል ለአራት ያድቦልቡሉትና በሁለት የመጋገሪያ ወረቀት መሀል በመዳመጫ ይዳምጡት። በደረቅ መጥበሻ በእያንዳንዱ ጎን አንድ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። ከ100 ግራም ተልባ 29 ግራሙ ካርቦሃይድሬት ቢሆንም 27ቱ ፋይበር ነው፤ ለዚህ ነው የምወደው። ግን ውሃ በደንብ ይጠጡ፤ አለበለዚያ ሆድ ያደርቃል። ፈጭተው ብዙ አያስቀምጡ፣ ቅባቱ ቶሎ ይበላሻል።»

ወጣቱ በሁለተኛው ጥያቄ መጣ፤ መክሰስ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ ከቀሩ ለቢሮ ጠረጴዛ ምን ተረፈ? ባለሙያዋ ለውዝ አለች፤ 30 ግራም፣ አንድ ጭብጥ ያህል፣ 5 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት ይዞ ያጠግባል። ያንኑ ያህል የገብስ ቆሎ 20 ግራም ይዘላል። ለውዙ ግን ይለቀም፤ የሻገተ፣ የተጨማደደ ወይም ቀለሙ የተለወጠ ፍሬ ይጣል፤ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ቢቆላም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የዱባ ፍሬ፣ ቋንጣ፣ አይብ በሚጥሚጣ፣ ማታ ማታ መንገድ ላይ የሚሸጠው የተቀቀለ እንቁላል፤ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ጠራችው። አቮካዶ በሎሚና በቃሪያ ለጾም ቀን ወደር የለውም፤ ስኳር ወይም ሽሮፕ የገባበት ጁሱ ግን ሌላ ነገር ነው።

«ግብጦስ?» አሉ አባትየው።

«ጥሩ ነው፤ ፕሮቲኑ ብዙ ነው። ግን ምሬቱ እስኪለቅ ድረስ ለቀናት ውሃው እየተቀየረ ካልተነከረ አይነካም። የሚመረው ነገር ራሱ መርዝ ነው።»

«እሺ ልጄ፤ ከነገ ጀምሮ እንጀራውንም ዳቦውንም አቆማለሁ።»

እዚህ ላይ ድምጿ ተለወጠ። «ቆይ ጋሼ፣ መድኃኒት ይወስዳሉ?»

«ግሊቤንክላማይድ፣ የስኳር ክኒኑን። ጠዋት ጠዋት።»

«እንግዲያው ነገ አይጀምሩም። መጀመሪያ ሐኪምዎ ዘንድ ይሂዱ።»

ወጣቱ ይህን አጋነንሽው አላት፤ ዳቦ መተው ማንን ይጎዳል ብሎ።

እኔ ከሴትዮዋ ጋር ነኝ፣ በሁሉም ግን አይደለም። ወጣቱ አንድ እውነት ይዟል፤ ቀኑን ሙሉ የሚቀማምስ ሰው ብዙውን ጊዜ ምሳው ላይ ሥጋ፣ እንቁላል ወይም ዘይት የነካ ጎመን አልጠገበም፤ ያንን በለውዝ መሙላት አይቻልም። ስለ መጎረሻው ግን ተሳስቷል። እጃችን የለመደውን ነገር በሹካ እናስረሳዋለን ማለት የአንድ ሳምንት ሥራ ነው፤ በስምንተኛው ቀን ሰው እንጀራው ላይ ይገኛል። እኔ ብሆን ከተልባውም በፊት የሐበሻ ጎመን ቅጠል እሞክር ነበር። ሰፊ ቅጠል፣ ወፍራም አጥንቱ በቢላ እንዲሳሳ ተደርጎ፣ የፈላ ውሃ ውስጥ 30 ሴኮንድ፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ፣ ከዚያ በጨርቅ ደረቅ ማድረግ። እርጥበቱ ከቀረ ወጡ ይንሸራተታል። ክትፎም ጥብስም ሳይቀደድ ይይዛል፣ ዋጋውም ከማንኛውም ከውጭ ከመጣ የለውዝ ዱቄት ይረክሳል።

ስለ መድኃኒቱ ግን አንዲት ቃል አላጋነነችም። ግሊቤንክላማይድ ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ያስገድደዋል፤ ኢንሱሊን ደግሞ የደም ስኳርን ያወርዳል፤ ሰውየው እንጀራ ይብላ አይብላ አይለይም። ክኒኑ ወይም የሚወጋው ኢንሱሊን እንዳለ ሆኖ ምግቡ በአንድ ጊዜ ሲቀነስ ስኳር ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ከዚያም ራስን መሳት ሊከተል ይችላል። ስለዚህ አባትየው ሐኪማቸው ዘንድ ሲሄዱ «ዳቦ ልተው?» ብለው ብቻ አይጠይቁ፤ «ዳቦ ስተው ክኒኑ ስንት ይሁን? ስኳሬንስ በቀን ስንት ጊዜ ልለካ?» ይበሉ። መልሱን በወረቀት ይዘው ሲወጡ ጎመኑን ይግዙ።