«አንድ ጨምሩለት!»

በጅማ ለዘፋኝ የሚቆረቆር ሰው የለም የሚል ካለ፣ ቅዳሜ ማታ ይምጣና ይየን። አንድ ድምፃዊ አለን። ስሙን አልጠራም፤ የሚያውቀው ያውቀዋል። እሱ ሲያንጎራጉር ባጃጅ ነጂዎች ሞተር አጥፍተው ደጅ ይቆማሉ። ታዲያ እንዴት እንደምንንከባከበው! ሁለተኛ ዘፈኑን ሳይጨርስ ከአንዱ ጠረጴዛ ጂን ይላክለታል። ይሄኔ የወዲያኛው ጠረጴዛ ክብሩ ይነካና ደብል ያዛል። «አንድ ጨምሩለት!» የሚለው ጩኸት ከኪቦርዱ ይበልጣል። እህል ቀምሶ ይምጣ አይምጣ የጠየቀ ግን የለም። ደግነታችን በብርጭቆ በኩል ብቻ ነው የሚፈሰው።

ሞቅ ሲለው ግጥም ይጠፋዋል። ፍቅራችን የሚለየው ያን ጊዜ ነው፤ ስልክ ሁሉ ከኪስ ይወጣል። በቀደም ማይኩን እንደያዘ ከመድረኩ ጠርዝ ሲንሸራተት፣ ያልተዘረጋ ስልክ አልነበረም። እጁን የዘረጋለት ኪቦርድ ተጫዋቹ ብቻ ነው። ጠዋት ቡና ስንጠጣ ቪዲዮው ለሁላችንም ደርሷል። ከሥሩ የሳቅ ምልክት፣ ከሳቁ ሥር ደግሞ «ያሳዝናል ግን» የምትል ቃል። ሁለቱን በአንድ አውራ ጣት ማስኬድ ችሎታ ይጠይቃል።

በዚሁ ሰሞን አራት ሆነን አጂፕ አካባቢ አንድ ጓደኛችን ክፍል ውስጥ ፊልም አየን። ውጭው ዝናብ ነው፤ የጅማ ዝናብ ከጀመረ ደግሞ ሌላ መሄጃ የለም። ፊልሙ «ኤሚ» ይባላል። አሲፍ ካፓዲያ እ.ኤ.አ. በ2015 የሠራው፣ በ2016 ኦስካር የወሰደ ዶክመንተሪ ነው። ስለ እንግሊዛዊቷ ድምፃዊት ስለ ኤሚ ዋይንሃውስ። መጀመሪያው ላይ የጓደኛዋ 14ኛ ዓመት ልደት ነው። ልጆች ተሰብስበው ሲዘፍኑ ከመሃል አንዷ ድምፅ ታወጣለች፤ የትልቅ ሰው ድምፅ። ክፍላችን ጸጥ አለ። አንዱ ጫቱን ጉንጩ ውስጥ ይዞ ማላመጡን ሁሉ ተወ። ጅማ ውስጥ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በእጇ የጻፈቻቸው ግጥሞች እየተነበቡ ይመጣሉ። የእኛም ሰው ግጥም ይጽፋል አሉ። ጠይቀነው አናውቅም፤ ግጥም ሲጽፍ አይንሸራተትማ፣ ለቪዲዮ አይሆንም።

ከዚያ ስሟ ይገናል። በ2008 አምስት ግራሚ በአንድ ሌሊት። ፎቶ አንሺዎች ደጇ ላይ ያድራሉ። ብቅ ስትል ፍላሹ ይዘንብባትና ፊቷ ነጭ ሆኖ ይጠፋል። የቴሌቪዥን ቀልደኞችም በሕመሟ ሲስቁ ይታያል። ተቃጠልን። «እነዚህ ጅቦች!» ብሎ በርጩማውን የመታው ልጅ፣ የሰውየውን መንሸራተት መጀመሪያ የለቀቀው ነው።

የዶክመንተሪውንም ብልሃት ሳላደንቅ አላልፍም። ፎቶ አንሺዎቹ ያነሱትን እያሳየ ፎቶ አንሺዎቹን ያስረግመናል። እነሱ እግር በእግር ባይከተሏት እኛ ምን አይተን እናለቅስ ነበር? ሌላው በረከቱ ጥፋተኛ አዘጋጅቶ ማቅረቡ ነው። አባትየው አሉ፣ የቀድሞ ባሏም አለ። ቤተሰቧ ፊልሙ አሳሳች ነው ብሎ ተቃውሟል፤ ግን ለእኛ ለመፍረድ ሁለት ሰዓት ከምናምን በቂ ነው። ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ለንደን ባለ አባት ላይ እንደመፍረድ ልብ የሚያሳርፍ ነገር የለም። አንድ ሰው ተፈረደበት ማለት፣ ትኬት የገዛው፣ ጋዜጣ የገዛው፣ የሳቀው ሁሉ ነፃ ወጣ ማለት ነው። እኛም አብረን ወጣን።

መብራት ሄዶ በላፕቶፑ ባትሪ እያየን ቤልግሬድ ደረስን። ሰኔ 2011። ሰክራ መድረክ ላይ ቆማለች፤ መዝፈን አልቻለችም። ሕዝቡ ይጮህባታል። ልክ ከአምስት ሳምንት በኋላ ለንደን ቤቷ ውስጥ ሞተች። የገደላት መጠጥ ነው። ዕድሜዋ 27።

ጨካኞች ናቸው የቤልግሬድ ሰዎች። እኛ እንዲህ አንጮህም። አንድ እንጨምርለታለን እንጂ።

ለለቅሶውም ቢሆን ማንም አይቀድመንም። የሚለጠፈው ፎቶ ከወዲሁ ተመርጧል፤ ነጭ ሸሚዝ የለበሰበት፣ ዓይኑ ጥርት ያለበት የድሮው። «ስንቴ መክሬው ነበር» የሚሉትን ሰዎች ስም ዝርዝር እኔ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ሦስተኛው ላይ ራሴ አለሁበት። በርጩማውን የመታው ልጅ እንደውም ዶክመንተሪ እሠራለታለሁ ብሏል። ጥሬ ዕቃው በየስልካችን ሞልቷል፤ የሚጎድለው መጨረሻው ብቻ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ታዲያ ፊልሙ ልባችንን አራርቶት ስለነበር አራታችንም ሄድን። ከፊት ተቀመጥን። ሰውየው ሦስት ዘፈን ተጫወተ፣ ላቡን በእጅጌው ጠረገና ማይኩን ዝቅ አድርጎ «ውሃ ስጡኝ» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቀልድ መስሎናል። አስተናጋጇ ግን ምስኪን፣ የታሸገ ውሃ ይዛ መጥታ መሃል ቆመች።

«በማን ጠረጴዛ ልያዘው?» አለች።

ዙሪያውን እያየች ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ውሃውን ይዛ ወደ ባንኮኒው ተመለሰች።