አበባው ውስጥ የተሸጎጠው ፖስታ

ኖቬምበር 20 ማለዳ ሃኖይ ውስጥ ከአንድ ትምህርት ቤት በር ላይ ብትቆሙ መጀመሪያ ዓይናችሁን የሚሞላው አበባ ነው። የእግረኛ መንገዱን ሻጮች ይዘውታል። አንዲት እናት ሞተሯን ጥግ ታስይዝና ከኋላዋ የተቀመጠውን ልጅ ታወርዳለች፤ የራስ ቁሩን አውልቃ ጸጉሩን በእጇ ታስተካክልለታለች፤ እቅፍ አበባውን ታስይዘዋለች። በሁለት እጅ፣ ጎንበስ ብሎ እንዲሰጥ ደግማ ታስታውሰዋለች። መምህርቷ በዚያን ዕለት አኦ ዛይ የሚሉትን ረጅሙን የክት ቀሚስ ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች። ልጁ ያቀብላል፤ እሷም ጎንበስ ብላ ትቀበለዋለች።

አንዳንዴ ታዲያ ከአበባው መሃል አንድ ፖስታ ተሸጉጧል። ልጁ ላያውቅ ይችላል። እናቱ ታውቃለች፤ መምህርቷም ታውቃለች። ዛሬ የምጽፈው ገንዘብ ስለያዘው ስለዚያ ፖስታ ነው።

ቀኑ የቬትናም የመምህራን ቀን ነው፤ በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ኅዳር 11፣ በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ይውላል። በሰሜን ቬትናም መከበር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1958 ሲሆን፣ በ1982 መንግሥት በውሳኔ የአገር በዓል አደረገው። መምህርን ማክበሩ ግን ከበዓሉ በብዙ ዘመን ይቀድማል። ቬትናማውያን ወንድ መምህርን «ታይ» ይሉታል፤ በድሮው የሰሜን ገጠር ልጆች አባታቸውንም የሚጠሩት በዚሁ ቃል ነበር። ሴቷን መምህር «ኮ» ይሏታል፤ የአባት እህት፣ አክስት ማለት ነው። «የኔታ» ብሎ ላደገና «የቀለም አባት» የሚል ቃል ላለው ሰው ይህ ባዕድ አይሆንበትም። አባባላቸውም «ያለ መምህር ምን ልትሆን!» የሚል ነው።

ከሁሉ የምወደው ግን ስለ ቴት፣ ስለ አዲስ ዓመታቸው የሚሉትን ነው፦ የመጀመሪያው ቀን ለአባት፣ ሁለተኛው ለእናት፣ ሦስተኛው ለመምህር። በሦስተኛው ቀን ሰው የድሮ መምህሩን ቤት ያንኳኳል። ክርክሬም የሚነሳው ከዚህ ቀን ነው። ለመምህር የሚሰጥ ነገር ስጦታ ነው ወይስ እጅ መንሻ የሚለውን የሚለየው ዋጋው ሳይሆን የተሰጠበት ጊዜ ነው ብዬ አምናለሁ። ልጁ ገና በመምህርቷ እጅ ሳለ፣ ማርኩ ሳይሞላ፣ ወንበሩ ከፊት ይሁን ከኋላ ሳይለይ የሚሰጥ ፖስታ፣ ሰጪው የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፣ መማለጃ መማለጃ ይሸታል። ያው ገንዘብ ልጁ ትምህርቱን ጨርሶ፣ ሥራ ይዞ፣ ጡረታ ለወጣችው መምህርት በሦስተኛው ቀን ቢያመጣው ግን ማንም ክፉ ስም አያወጣለትም።

በጥንቱ የቬትናም መንደር ሥርዓቱ ይህን የተረዳ ይመስላል። የመንደሩ መምህር የመንግሥት ደሞዝ አልነበረውም፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ባለጸጋ ቤት ተጠግቶ ያስተምራል፤ ወላጆች በቴትና በጨረቃ አቆጣጠራቸው በአምስተኛው ወር አምስተኛ ቀን በሚውለው በዓል ሩዝና የበዓል ምግብ ይወስዱለታል። ዋናው ውለታ የሚከፈለው ግን ከትምህርት በኋላ ነበር። የአንድ መምህር ተማሪዎች እንደ እኛ እድር ያለ ማኅበር ያቋቁማሉ፤ አለቃ ይመርጣሉ። መምህሩ ልጅ ሲድር፣ ሲታመም፣ ሲሞት መዋጮ ይሰበስባሉ። መሬት ገዝተው በምርቱ የመምህሩን ሙት ዓመት የሚያወጡም ነበሩ። ሲሞትም ከል ሳይለብሱ ሦስት ዓመት በልባቸው ያዝኑለታል።

እ.ኤ.አ. በ1370 ያረፉት ታላቁ መምህር ቹ ቫን አንም የሚታወሱት እንዲሁ ነው። ሰባት ሹማምንት እንዲሰየፉ ለንጉሡ ጽፈው፣ ሰሚ ሲያጡ ሥልጣናቸውን ጥለው ወደ ተራራ የገቡ ሰው ናቸው። ፋም ሱ ማንና ሌ ኳት የተባሉት ተማሪዎቻቸው ትልልቅ ባለሥልጣናት ከሆኑ በኋላም ሊጠይቋቸው ሲመጡ ከአልጋቸው ግርጌ ይሰግዱ ነበር ይላል ዜና መዋዕሉ፤ ጥቂት ቃል ካነጋገሯቸው ደስ ብሏቸው ይመለሳሉ። ከመምህሩ ወደ ተማሪው የሚሄድ ምንም ጥቅም ባልቀረበት ሰዓት የመጣ አክብሮት ነበር።

ወላጆችን መውቀስ ግን ቀላል ነው። ክፍሉ ውስጥ ሌሎቹ ሁሉ ፖስታ እንደሰጡ የምትጠረጥር እናት ልጄ ብቻውን ይቀርብኝ ይሆን ብላ ትጨነቃለች። መምህራንም ለረጅም ዘመን ደሞዛቸው ስለማያደርስ በግል ማስጠናት ላይ ተንጠልጥለው ኖረዋል፤ የሚያስጠኑትም ብዙ ጊዜ ያንኑ በክፍል የሚያስተምሩትን ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 14፣ 2025 ጀምሮ መምህር በክፍሉ የሚያስተምረውን ተማሪ በክፍያ በግል እንዳያስጠና መመሪያ ወጥቷል። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የጸደቀው የመምህራን ሕግ ደግሞ ከመንግሥት ሠራተኞች የደሞዝ እርከን ከፍተኛውን ለመምህራን ይሰጣል። ይህ ከስብከት ሁሉ የበለጠ ፖስታውን ያቀለዋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ደሞዙ የሚያኖረው ሰው ፖስታን «አይሆንም» ለማለት አቅም ያገኛል።

አንዳንድ ትምህርት ቤቶች በዓሉ ሲቃረብ አበባም ስጦታም አንቀበልም፣ ይልቅ ለችግረኛ ተማሪዎች መጽሐፍ አምጡ የሚል ደብዳቤ ለወላጆች ይልካሉ። ሐሳቡን አከብራለሁ። ሁሉንም በአንድ ገመድ ማሰሩ ግን ያሳስበኛል። በሰሜኑ ተራራማ አገር ከመንገድ ዳር የለቀመውን የዱር አበባ፣ ወይም ከጓሮ የተቆረጠ አትክልት ይዞ የሚመጣ ልጅ አለ። መምህርቷ ያንን ብትመልስበት ምን ታስተምረዋለች?

ስለዚህ በዓመቱ መሃል መስጠት የሚፈልግ ወላጅ ካለ፣ ክፍሉ በአንድነት ይስጥ፤ የማንም ስም ጎልቶ አይታይ። ለአኦ ዛይ የሚሆን ጨርቅ የቆየ ልማድ ነው፤ ከጨርቁ ጋር የልብስ ሰፊውም ዋጋ ይታሰብ፤ አለዚያ ስጦታው ለመምህርቷ ወጪ ይሆናል። ልጁ ደግሞ የራሱን ይስጥ። ተማሪዎች ለበዓሉ ግጥምና ሥዕል ለጥፈው የሚያዘጋጁት የግድግዳ ጋዜጣ አለ። ከ10 10 ማምጣትንም «የ10 አበባ» ብለው ለመምህራቸው ያበረክታሉ። ደብዳቤም አለ፤ «ክፍልፋይ ያልገባኝ ጊዜ ወረቀት ቆርጠሽ ያሳየሽኝን አልረሳም» የሚል አንድ መስመር ይበቃል።

ገንዘቡን ግን ለሦስተኛው ቀን ያቆዩት። ያን ቀን ጸጉራቸው የሸበተ ሰዎች ልጆቻቸውን አስከትለው ከአንዲት አሮጊት መምህርት ቤት ይገባሉ፤ ሻይ ይቀዳል። ከመካከላቸው አለቃም ነጋዴም ይኖራል፤ እሷን ሲያናግር ግን ዛሬም ራሱን «ኤም»፣ ታናሽሽ፣ እያለ ነው የሚጠራው። እሷም መነጽሯን ከፍ አድርጋ ፊቱን ታየውና የት ጋ ይቀመጥ እንደነበር ለማስታወስ ትሞክራለች።