የክት ጫማና የማስቲሽ ሌሊት

አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ሰላም የሚልህ በአፉ ነው፤ ዓይኑ ግን ቀድሞ ጫማህ ጋ ደርሷል። "ደህና ነህ? ቤተሰብ ደህና? ሥራ እንዴት ነው?" እያለ ይጠይቅሃል፤ መልሱን ከሶልህ ላይ ራሱ አንብቦ ጨርሷል። ታኮህ በአንድ ወገን ከተበላ "አይ፣ ኑሮ ከብዶታል" ይላል። ጫፉ አፉን ከከፈተ ማታ ለሚስቱ ይነግራታል። ሸሚዝህ ተተኩሶ እንደሆነ የሚያስታውስልህ የለም።

ስለዚህ ጫማ ሲቀደድ ከኪስ በፊት የሚደነግጠው ገመና ነው። ጫማ ሰፊው የሚቀመጠው መንገድ ዳር ነዋ! እሱ ጋ ሄደህ፣ አንድ እግርህን የማን እንደሆነ በማይታወቅ ነጠላ ጫማ ውስጥ ከትተህ ስትቀመጥ፣ ዓመቱን ሙሉ ያላየኸው የሰፈር ሰው ሁሉ በዚያች ሰዓት ያልፋል። አንዳንዱ "አይዞህ" ይልሃል። ምን እንደሆንክ ሳይጠይቅ! በዚህ የተነሳ ብዙ አባወራ "ቤቴ እጠግነዋለሁ" ብሎ ይወስናል። ለሚስቱ የሚሰጣት ምክንያት ግን "ወጪ ለመቀነስ" የሚል ነው። ይሄ በጀት ሲጸድቅም የምንሰማው ዓይነት አነጋገር ነው።

ከዚያ ወደ ሱቅ ይኬዳል። "ማስቲሽ አለ?"

በከተማችን ማስቲሽ የሚገዛ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚያጣብቅና የሚስብ። ባለሱቁ የትኛው እንደሆንክ እስኪለይ ከራስ ፀጉርህ ጀምሮ ቁልቁል ያይሃል። ደግነቱ ሲወርድ ሲወርድ ጫማህ ላይ ይደርሳል። ጥርጣሬው ወዲያው ወደ ሐዘኔታ ይለወጣል። "ሱፐር ግሉም አለ" ይልሃል፣ ሊረዳህ ብሎ።

ሱፐር ግሉ ለስኒ ጆሮ ጥሩ ነው። ሲደርቅ ድርቅ ይላል፤ አይተጣጠፍም። ጫማ ደግሞ በየእርምጃው የሚታጠፍ ነገር ነው። በሱፐር ግሉ የተያዘ ሶል ታክሲ ወረፋ ላይ ቆመህ እስካለህ ድረስ ያኮራሃል። ታክሲው መጥቶ ሩጫ ሲጀመር ስንጥቅ ብሎ ይለቃል። አንተ ተሳፍረህ ሶልህ ወረፋ ላይ ይቀራል።

ጣት ላይ ከፈሰሰ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በጥጥ ልጥረገው አትበል። ሱፐር ግሉ ከጥጥ ጋር ሲገናኝ ይግላል፤ ሊያጨስም ይችላል። የሚያስለቅቀው አሴቶን ነው። ቤት ውስጥ አሴቶን የሚገኘው ሚስት የጥፍር ቀለም በምታስለቅቅበት ጠርሙስ ነው። እናም አውራ ጣቱ ከጫማ ጋር የተጋባ ባል፣ ጫማውን እንዳንጠለጠለ መኝታ ቤት ገብቶ በለሆሳስ ይለምናል። መልሱ በለሆሳስ አይመጣም። ጎረቤት ይሰማዋል።

ማስቲሽ ግን ለሚታገሠው ሰው ታማኝ ነው። አሮጌው በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ይነሳል። አቧራው ይጠረጋል። ከዚያ ቀጭን አድርገህ በሁለቱም በኩል ትቀባለህ፤ ሶሉንም፣ የጫማውን ሆድም። አንዱን ወገን ብቻ ቀብቶ የሚለጥፍ ሰው በሁለተኛው ቀን ያገኘዋል። ከቀባህ በኋላ ምንም አታደርግም። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ትጠብቃለህ፤ በጣትህ ነካ ስታደርገው ክር መሥራቱን እስኪተው ድረስ። ያኔ ታገናኘዋለህ። አንዴ ከተገናኘ ማስተካከል የለም። በመዶሻ ደህና አድርገህ ትወቅጠዋለህ፣ ታስረዋለህ፣ ታሳድረዋለህ። መስኮቱንም ክፈት፤ አለዚያ ባለሱቁ የጠረጠረው ነገር ይደርሳል።

ችግሩ ያለው እነዚያ 15 ደቂቃዎች ላይ ነው። እኛ ቤት የተቀባ ጫማ እያየ ዝም የሚል ሰው የለም። ልጅ ስልኩን ይዞ ይመጣል፤ "ቲክቶክ ላይ በቤኪንግ ሶዳ ነው የሚሠሩት" ይላል። ሊሰናበት የተነሳ እንግዳ ተመልሶ ይቀመጣል። "ማን ያውራ የነበረ" ብሎ በደርግ ጊዜ ጫማውን እንዴት በካላማዳሪያ እንደለጠፈ ይተርካል። ካላማዳሪያው እውነት ነው፤ አሮጌ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ በቀጭኑ ተቆርጦ የተጣበቀ ጫማ ላይ ጥብቅ ተደርጎ ቢጠመጠም ከየትኛውም ክብደት የተሻለ ያሳድራል። ግን ማን ይሰማዋል? አባወራው ሙቀጫ ጭኖበታል። ጠዋት ሶሉ ተጣብቋል፤ የጫማው አፍንጫ ግን ተጨፍልቋል።

ያም ሆኖ ማስቲሽ ብቻውን አይዘልቅም፤ ጠርዙ መሰፋት አለበት። ለዚህ ወስፌ ያስፈልጋል። ወስፌ ያላት እናት ናት።

"እማዬ፣ ወስፌሽን እስቲ አውሺኝ።"

"ለምንህ?"

"ለጫማ።"

ጸጥታ። የያዘችውን ሰፌድ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

"መሶብ የምሰፋበትን? እንጀራ የሚቀርብበትን የሰፋሁበትን ወስፌ እግርህ ሥር? ምነው ልጄ፣ ምን በደልኩህ?"

"እሺ ተይው። ክሩን የማሽበት ትንሽ ጧፍ…"

"ጧፉንማ እንዳትነካ! የኪዳነ ምሕረት ነው።"

ክር ሰም ሲታሽበት ቶሎ አይበሰብስም፣ ቆዳው ውስጥም ያልፋል። ይህ ዕውቀት ግን ከኪዳነ ምሕረት ጧፍ ፊት አቅም የለውም። አባወራው በልብስ መርፌ ይጀምራል። መርፌው ሶሉ ውስጥ ግማሹን ገብቶ ግማሹ እጁ ላይ ይቀራል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው አባባል የሚጻፍ አይደለም። አውራ ጣቱ በፋሻ ይታሰራል።

አሁን ወደ ዋናው ሟች እንምጣ። የዘወትር ጫማ ይጠገናል። ይጣመማል፣ ይለጠፋል፣ ቀለሙ ይለቃል፤ ግን ይኖራል። ሳይኖር የሚሞተው የክቱ ነው። አሜሪካ ያለ ዘመድ ያመጣው፣ ከነካርቶኑ አልጋ ሥር የተቀመጠው፣ "አይበላም" ከተባለችው ከረጢት ጋር የሚያድረው። "ለፋሲካ ላድርገው?" ሲሉ ፋሲካ አነሰበት። "ለልጁ ምርቃት?" ዝናብ ነበር። በየዓመቱ ይወጣል፣ ይወለወላል፣ ይሸተታል፣ ተመልሶ ይገባል። እግር ሆነህ ብታየው ስድብ ነው። ስምንት ሰዓት ሙሉ ቢሮ የሚቆመው እግር ለዚያ ጫማ አልበቃ ብሏል ማለት ነው።

በመጨረሻ ጥር ይመጣል፤ የእህት ልጅ ታገባለች። አጎት ካርቶኑን ይከፍታሉ። ቆዳው ያብለጨልጫል። አዳራሽ ሲገቡ ሰው ሁሉ ዝቅ ብሎ አይቶ ቀና ይላል፤ ይህንኑ ፈልገው አይደል! ሆታው ሲደምቅ ወደ መሐል ገቡ። ትከሻቸውን ሰበቁ። አንዴ ዘለል ሲሉ ከታኮው ቁራሽ ወረደ። ሁለተኛ ሲዘሉ ጥቁር ፍርፋሪ ወለሉን ሞላው። የሠርጉ ኬክ ሳይቆረስ የአጎት ሶል ተቆረሰ። አንዲት አሳላፊ መጥረጊያ ይዛ መጥታ ከኋላ ከኋላቸው ትጠርግ ጀመር። እሳቸው የከበባቸው ሰው በእስክስታቸው ተደንቆ መስሏቸዋል።

ከሠርጉ ማግስት የሚታማው ዘመድ ነው። "ፎርጅድ ልኮልኝ!" ዘመድ አልበደለም። ብዙ ቀላል ሶሎች ፖሊዩሪቴን ከሚባል ነገር ነው የሚሠሩት። ፖሊዩሪቴን ከአየር ላይ እርጥበት እየሳበ ውስጥ ውስጡን ይፈርሳል። ለበስከውም፣ አልጋ ሥር ደበቅከውም፣ ዓመታት ሲቆጠሩ ይፈርሳል። ማስቲሽም አይደርስለትም፤ ማስቲሹ የሚይዘው ራሱን የሚፈረፈረውን ሶል ነዋ! ለእንዲህ ያለው ያለው መላ ሙሉ ሶል ማስቀየር ብቻ ነው። መልበሱ ባያድነውም፣ ቢያንስ ተለብሶ ይሞት ነበር። እኛ ግን ከእግራችን ቆጥበን ለእርጥበት ሰጠነው።

ከመኪና ጎማ የሚሠራው በረባሶ ይህን ሁሉ አያውቅም። በረባሶን የክት ያደረገ ሰው አላየሁም። እሱም ሠርግ ላይ ማንንም አላዋረደም። ቀድሞ የጭነት መኪና የተሸከመ ጎማ አጎትን መሸከም ምን ያቅተዋል?

ክረምቱን እንለፈው፤ "እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ" ነው ነገሩ። አንድ ነገር ብቻ ልበል። የራሰ ጫማ ከሰል አጠገብ አታድርቅ፤ ቆዳው ይሰነጠቃል። ወላጆቻችን ውስጡ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ጠቅጥቀው ያሳድሩት ነበር፤ እርጥበቱን ይመጠዋል፣ ቅርጹንም ይጠብቀዋል። ዛሬ ዜና የምናነበው ቴሌግራም ላይ ነው። ቴሌግራም ጫማ ውስጥ አይጠቀጠቅም።

ደግሞ ቤት የተጠገነ ጫማ ጥቅም የለውም እንዳትሉ። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ በር ላይ ጫማውን አውልቆ የሚገባ ሰው ልቡ ግማሽ እዚያው ይቀራል። አዲስ ጫማ ያለው ሰው ጸሎቱን እያቋረጠ ወደ በሩ ያያል። ባለ ሙቀጫው ጫማ ባለቤት ግን እስከ መጨረሻው ተረጋግቶ ይጸልያል። የሚነካበት የለም። አንዳንዴ እንዲያውም ቢወሰድለት ደስ ባለው።

አልወሰዱለትም። ሰኞ ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ፣ ጫማውን በጥቁር ፌስታል ሸፍኖ መንገድ ዳር ጫማ ሰፊው ጋ ይደርሳል። ጫማ ሰፊው ያወጣዋል። ያገላብጠዋል። የደረቀውን ሱፐር ግሉ በጥፍሩ ኳ ኳ ያደርገዋል። ከዚያ ከጠርዙ የመርፌ ስባሪ ጎትቶ ያወጣል።

"ማነው የነካው?"

"እ… ልጆች ናቸው መሰለኝ።"

ጫማ ሰፊው በፋሻ የታሰረውን አውራ ጣት አየት ያደርጋል። ነጠላ ጫማውን ወደ ደንበኛው ይገፋል።

"እንግዲህ መጀመሪያ ይሄ ሁሉ መፋቅ አለበት፤ እሱ ለብቻው ይታሰባል። ልጆቹን ይንገሩልኝ ጋሼ፤ ሌላ ጊዜ ሳይነኩ ያምጡልኝ።"