ማስተካከያ፦ በበቆሎው እምብርት ውስጥ ያለው ነባሩ ተምች አይደለም

ባለፈው ሳምንት በባሕር ዳር ዙሪያ ስላለው በቆሎ ስጽፍ፣ እምብርቱን (መካከሉ ላይ የተጠቀለለውን ለጋ ቅጠል) የሚበላው ትል አባቶቻችን የሚያውቁት ነባሩ ተምች ነው ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የገለጽሁት የአሜሪካ መጤ ተምችን ነው። ወደ አገራችን መግባቱ የታወቀው በ2009 ዓ.ም. ነው።

ሁለቱም ስፖዶፕቴራ በሚባል ወገን የሚመደቡ የእሳት እራቶች እጮች ናቸው። መደናገሬም ከዚህ የመጣ ነው። ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ነባሩ በመንጋ ተነሥቶ ጤፉንም ሣሩንም እያጨደ ከማሳ ማሳ ይጓዛል። መጤው በቆሎን አብልጦ ይወዳል፤ እምብርቱ ውስጥ ተሸሽጎ ቅጠሉን ይበሳል፣ የመጋዝ ብናኝ የሚመስል ኩሱንም እዚያው ይተዋል። ያደገውን እጭ አገላብጣችሁ ብታዩት፣ በግንባሩ ላይ የተገለበጠ ባላ የሚመስል ነጣ ያለ መስመር፣ ወደ ጅራቱም አራት ማዕዘን የሠሩ አራት ጥቁር ነጥቦች አሉት። ይህን ምልክት መዝለሌ ከሁሉ በላይ ይቆጨኛል።

መጤው ውርጭ አይችልም፤ ሙቀትና ለምለም በቆሎ ባለበት ግን ያለ ዕረፍት ይራባል። በጣና ዳርቻ በመስኖ የምታለሙ ወገኖቼ፣ ያለፈውን ሳምንት የተሳሳተ ጽሑፌን አምናችሁ መንጋ እስኪመጣ አትጠብቁ። ነገ በማለዳ እምብርቱን ገልጣችሁ እዩ።